የጾሙ ቸኮሌት ባለቤት

ወይዘሮ ያምሮት ከታሪክ መውጣታቸውን የሰሙት ሐሙስ ጧት ጓዳ ቁጭ ብለው ሽንኩርት ሲልጡ ነው። የሽንኩርት ኪሎ ሠላሳ ብር ከገባ ወዲህ የሚልጡት በጥንቃቄ ነበር፤ ላዩን ቀይዋን ሽፋን ብቻ፣ ከሥጋው ምንም ሳያስነኩ። ሳሎን ውስጥ የእህታቸው ልጅ ወንዳወቅ ከቁም ሣጥኑ መስታወት ፊት ቆሞ ንግግር ይለማመዳል። ወንዳወቅ ቡሬ የሚገኘው የማርዘነብ ቸኮሌት ፋብሪካ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው፤ ፋብሪካው ዛሬ ዐርባኛ ዓመቱን ያከብራል። እርግጥ ዐርባ የሞላው አምና ነበር። በዓሉ በኮሮና ምክንያት ሲገፋ ሲገፋ ዐርባ አንድ ደረሰ፤ ግን «ዐርባ» የሚል ስምንት መቶ ካናቴራ ቀድሞ ስለታተመ ፋብሪካው ለጊዜው ዐርባ ላይ እንዲቆይ በማኔጅመንት ተወሰነ። ወንዳወቅ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ይለዋል፤ አንዴ ቀኝ እጁን አንሥቶ፣ አንዴ ግራውን፣ አንዴ ሁለቱንም ኪሱ ከትቶ። «የተከበራችሁ እንግዶቻችን፤ ዛሬ ከምርታችን ግማሹን የሚይዘው የጾም ቸኮሌት በተመራማሪዎቻችን የሦስት ዓመት ያላሰለሰ ጥናት የተገኘ የፈጠራ ውጤት ነው» አለ በቀኝ እጁ። ወይዘሮ ያምሮት ቢላዋውን እንደያዙ ቀሩ። «በተመራማሪዎቻችን የሦስት ዓመት ያላሰለሰ ጥናት» አለ በግራ። ሽንኩርቱ ሲያስነባው የቆየው ዐይናቸው ባንድ ጊዜ ደረቀ።

የጾም ቸኮሌትን የፈጠሩት ወይዘሮ ያምሮት መሆናቸውን ፍኖተ ሰላም ውስጥ የማያውቅ ቢኖር ወይ ገና ያልተወለደ ነው ወይ ትናንት ቤት የተከራየ። ታሪኩን በዕድር ተናግረውታል፣ በሠርግ ተናግረውታል፣ ለቅሶ ቤትም ሰዉ ትንሽ ሲረጋጋ ተናግረውታል። እሳቸው ሲያወሩት እንዲህ ነው። በ1981 ዓ.ም. ሑዳዴ ላይ፣ ፋብሪካው የመንግሥት በነበረ ጊዜ፣ ያምሮት ከሰከላ ገጠር ከማይወዱት ባል ጠፍተው የመጡ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሴት፣ የማቡኪያ ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። የማቡኪያ ሠራተኛ ከገበሬ የሚመጣውን ወተት በትልቅ ድስት ከስኳር ጋር አፍልታ ታደርቃለች፤ ከተፈጨው ካካዎ ጋር ታቦካለች፤ በመጨረሻ አንድ ማንኪያ ትቀምሳለች። መቅመሱ ግዴታ ነው፤ ግድግዳው ላይ ተጽፏል። ታዲያ አንድ ዓርብ ቀን ያምሮት «ከሥራዬ ብባረር እባረራለሁ እንጂ ጾሜን አልገድፍም» አሉና ወተቱን ተዉት። ካካዎና ስኳር ብቻ አቡክተው፣ አማትበው ቀመሱ። የወጣው ቸኮሌት እንደ ከሰል የጠቆረ፣ እንደ ኮሶ የመረረ ሆነ፤ ያምሮትም አንድ ወር ወለል እንዲያጥቡ ተፈረደባቸው። ጥቁሩ ቸኮሌት ግን ይደፋ ሲባል ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሳስቶ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ላለች ሱቅ ሰጠው፤ ጾመኛው ሁሉ «ወተት የለውም? በሉ ስጡን» እያለ ተሻማበት፤ ሆሣዕና ሳይደርስ አለቀ። ለያኔው ሥራ አስኪያጅ ከአዲስ አበባ የምስጋና ወረቀት መጣላቸው። ያምሮት ያን ቀንም ወለል ያጥቡ ነበር።

«ወንዳወቅ!» አሉ ከጓዳ።

«አቤት አክስቴ።»

«ተመራማሪዎቹ እነማን ናቸው?»

ወንዳወቅ እጁን ከኪሱ አወጣ። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸውና ይችን ድምፅ ያውቃታል። «በጠቅላላው ነው የተባለው አክስቴ። ተመራማሪዎች ሲባል…»

«ሦስት ዓመት አጠኑት? እኔ እኮ በአንድ ጧት ነው የጨረስሁት።»

ልጁ ሊያስረዳ ሞከረ። ሥራ አስኪያጁ አቶ አስናቀው ከታሪክ መጽሐፉ ውስጥ ያለ ማስረጃ አንዲት ቃል እንዳትገባ አዝዘዋል፤ የአክስቱ ታሪክ ደግሞ ወረቀት የለውም። ተመራማሪዎቹስ ወረቀት አላቸው ወይ ሲሉት «ለእነሱ ማስረጃ የሚጠይቅ የለም» አለ፤ እንዳለውም ራሱ አፈረ። ከዚያ እንደ መታረቂያ አድርጎ «አንድ ወረቀት ያምጡልኝ አክስቴ፣ አንዲት ብቻ። ዛሬውኑ ከንግግሬ አስገባዋለሁ፤ ሁለተኛው እትም ላይም አጽፈዋለሁ» አላቸው። ወይዘሮ ያምሮት ቢላዋውን አስቀመጡ፤ እጃቸውን ታጥበው ነጠላቸውን አወረዱ። ባለቤታቸው አቶ ክንዱ በረንዳ ላይ ጫማቸውን ሲቦርሹ ነበር። አቶ ክንዱ ከጡረታ በፊት የፋብሪካው ሾፌር ነበሩ፤ ነገር የማያበዙ፣ ጎረቤት «የአቶ ክንዱ ንግግር እንደ ሰኔ ፀሐይ ነው፣ ብቅ ሲል ሰው ይወጣል» የሚላቸው ሰው ናቸው። ለበዓሉ መጥሪያ ካርድ ቢላክላቸው «አልሄድም» ካሉ ሳምንት ሆኗቸዋል። አሁን ሚስታቸው ወረቀት ፍለጋ ሲነሡ ሲያዩ ቡርሹን አቆሙ።

«ተይው ያምሮት። የሞተ ነገር ነው» አሉ።

«ነገሩ ቢሞት እኔ አልሞትሁም» አሉ ወይዘሮ ያምሮት፤ አልፈዋቸውም ወጡ። ደጅ ሳይደርሱ አቶ ክንዱ ኮታቸውን አንጠልጥለው ከኋላ ደረሱባቸው። ለምን ሐሳባቸውን እንደቀየሩ አልተናገሩም፤ የጠየቃቸውም የለም።

የፋብሪካው ሰርቪስ ሁለት ሰዓት ላይ ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ይነሣል። ወንዳወቅ ከፊት ተቀመጠ፣ ባልና ሚስቱ ከኋላ። ወይዘሮ ያምሮት «ዐርባ ጣፋጭ ዓመታት» የተባለውን መጽሐፍ ከልጁ ቦርሳ አውጥተው ያገላብጡ ነበር። መጽሐፉ «በአካባቢው የወተት ሀብት ላይ በተደረገ ጥልቅ ጥናት ፋብሪካው በ1972 ዓ.ም. ቡሬ እንዲተከል ተወሰነ» ይላል። እውነቱን የድሮ ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ማሽኖቹ ከአንድ ወዳጅ አገር በሰሊጥ ልዋጭ የመጡ፣ የብስኩት ማሽን ናቸው ተብለው ወደ ባሕር ዳር የተጫኑ ነበሩ። ቡሬ ላይ የከባድ መኪናው ነዳጅ አለቀ፤ ነዳጅ እስኪመጣ ሣጥኖቹ ወረዱ፤ ዝናብ መጣና ወደ መጠለያ ለማስገባት ሲከፈቱ ብስኩት የሚባል ነገር የለም። መመሪያውን ሲያገላብጥ የዋለ አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ወደ ማታ ላይ «ቸኮሌት ነው» አለ። በዚያው ቀረ። ካካዎ በአሰብ፣ ስኳር ከወንጂ፣ ወተት ከማንኩሳ እየተባለ «ብሔራዊ ቸኮሌት ፋብሪካ» ተብሎ ተመረቀ፤ የመጀመሪያውን ዓመት ምርት ገበሬው ለበሬ ቁስል የሚቀባ መድኃኒት መስሎት እንደነበር መጽሐፉ አያነሣም። ኋላ መንግሥት ሲለወጥ አንድ ባለሀብት ገዝቶ በእናቱ ስም ማርዘነብ አለው። ወይዘሮ ያምሮት ገጹን እየገለጡ «ጥናት» የሚለውን ቃል ቆጠሩ፤ ሃያ ሦስት ላይ መኪናው ቆመ።

መዝገብ ቤቱ ከካካዎ መቁያው ጀርባ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ያለ ወረቀት ሁሉ፣ የቅጥሩም የስንብቱም፣ ቸኮሌት ቸኮሌት ይሸታል። ኃላፊው ወልደ ዮሐንስ ቅኔ ቤት ጀምሮ ያቋረጠ፣ ፋብሪካው «መሪጌታ» እያለ የሚጠራው የያምሮት የሥራ ባልደረባ ነበር። አቶ ክንዱ ወደ ውስጥ አልገቡም፤ ውጭ ከዋንዛው ሥር ባለች አግዳሚ ላይ ተቀመጡና ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ ያዞሩ ጀመር። ወይዘሮ ያምሮት የመጡበትን ሲናገሩ ወልደ ዮሐንስ መነጽሩን እየጠረገ ሰማቸው።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጣፍ ያለ ይወረሳል» አለ። «የ81 የምስጋና ፋይል ካልሽኝ ምስጥ በልቶታል። የቅጣቱን ግን ምስጥም አልደፈረው።»

«ቅጣቱን ነው የምፈልገው። መቀጣቴን አግኝልኝ።»

«ዐርባ ዓመት ሰው ቅጣቴን አጥፋልኝ ሲለኝ ኖርሁ» አለ ወልደ ዮሐንስ መሰላል እየጎተተ፤ «ቅጣቴን አውጣልኝ ያለች አንቺ ነሽ።» ከላይኛው መደርደሪያ ገመድ የታሠረ ዶሴ አወረደ፤ አቧራውን እፍ ሲለው ቡናማ የካካዎ ብናኝ ነጠላቸው ላይ አረፈ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወረቀቷ ተገኘች። ማኅተም አላት፣ ፊርማ አላት፣ ቁጥር አላት። «ለጓዲት ያምሮት። ዓርብ መጋቢት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. በማቡኪያ ክፍል የተረከቡትን ወተት ሳይጨምሩ በመቅረትዎ የመንግሥት ምርት ስለተበላሸ ከመጋቢት 9 ጀምሮ ለአንድ ወር ወለል እንዲያጥቡ ተወስኗል።» ወይዘሮ ያምሮት እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ወልደ ዮሐንስ ግን አላበቃም፤ ከጀርባው የተሰፋች ሌላ ቅጠል ነበረች፤ የተከሳሿ ቃል፣ በራሷ እጅ ጽሑፍ። ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደ ድጓ አነበበላቸው። «ወተት አመላላሹን ጓድ ክንዱን በመስኮት ሳነጋግር ወተቱን ድስቱ ላይ መጨመሩን ዘነጋሁ። ጓድ ክንዱ ቀልድ ስለሚያውቅ ነው። ጥፋቴን አምናለሁ።»

ከግድግዳው ወዲያ መቁያው ይንጓጓል።

«ጾሙሳ?» አለ ወልደ ዮሐንስ።

«ጾሙ መቸም ነበረ» አሉ ወይዘሮ ያምሮት ዐይናቸውን ወለሉ ላይ ጥለው። «እኔም ጾመኛ ነበርሁ። ሁለቱ በዚያ ዓርብ አልተገናኙም እንጂ።»

ሐሰት ልናገር ብለው የተነሡበት ቀን አልነበረም። መንግሥት ተለውጦ የጾም ቸኮሌት ስሙ ሲወጣ አንዲት ጎረቤት «ለጾምሽ ብለሽ ነዋ!» አለቻቸው፤ እሳቸውም ዝም አሉ። ዝምታቸውን ጎረቤቲቱ ወሰደችው፤ ከእሷ ዕድሩ ወሰደው፤ ከዕድሩ ቄስ ገደፋው ወስደው፣ ስማቸው ገደፋው ይሁን እንጂ ጾም በማጥበቅ የታወቁ ናቸውና፣ በየዓመቱ የሑዳዴ መግቢያ ላይ ሰበኩበት። ቄስ የሰበከውን ማን ያርማል? ያምሮትም ቀስ በቀስ እንደዚያ ያስታውሱት ጀመር፤ ማማተባቸውን እንኳ ኋላ የጨመሩት መሆኑን ረስተውታል። አሁን በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲያዩ ባላቸው ከዋንዛው ሥር ኮፍያቸውን ያዞራሉ። ይህን ታሪክ በዕድርም በሠርግም ሲያወሩ ክንዱ ያልነበሩበት ጊዜ የለም። ሁልጊዜ አጠገባቸው ተቀምጠው ይሰማሉ፤ እስከ መጨረሻው ይሰማሉ፤ በታሪኩ ውስጥ ግን አንድ ቀን ገብተው አያውቁም። ጧት ወንዳወቅን የተቆጡበት ቁጣ ፊቱን አዙሮ መጣባቸው። ወረቀቷን አጥፈው ወጡ፤ በአግዳሚዋ በኩል ሲያልፉ አቶ ክንዱ «አገኘሽው?» አሉ። «አገኘሁት» አሉና በዓሉ ወደሚከበርበት ድንኳን አለፉ።

ወንዳወቅ ወረቀቷን ድንኳኑ በር ላይ ተቀብሎ አነበባት፤ ገለበጣት፤ ጀርባዋን አነበበ፤ ላብ አጠመቀው። ሊደብቃት ሲል አቶ አስናቀው ከኋላው ደርሰው ነጠቁት። ሥራ አስኪያጁ «የመንግሥት ምርት ስለተበላሸ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ፊታቸው ጠቆረ፤ በዓል ላይ ስለ ብልሽት? ወንዳወቅ ቸኩሎ ከተማው የሚያወራውን የጾሙን ታሪክ ሲነግራቸው ግን ያው ፊት በራ። «ይኸ ነው እንጂ!» አሉ። «ከጾመኛ ጽናት የተወለደ ቸኮሌት! ሦስት ዓመት ማስታወቂያ ሠራተኛ የቀለብሁት ይችን ዓረፍተ ነገር ፍለጋ ነው። ወረቀቱን ተወው፣ ማነው ወረቀት የሚያነብ? እሜቴን ወደ ፊት አምጧቸው፤ በራሳቸው አንደበት ይናገሩ።» በዚህ ዓይነት ወይዘሮ ያምሮት ጧት አንዲት ዓረፍተ ነገር የለመኑበት ታሪክ እኩለ ቀን ሳይደርስ መድረክ፣ ማይክራፎንና የፊት መስመር ሶፋ ሆነላቸው፤ አንገታቸው ላይም የአበባ ጉንጉን ገባ። ከግራቸው ቄስ ገደፋው፣ ከቀኛቸው ከመንገድ ሥራ የመጡ አንድ እንግዳ ተቀምጠዋል። አቶ ክንዱ ከኋላ፣ ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር ካለች ፕላስቲክ ወንበር ላይ ናቸው። ፀሐዩ ድንኳኑን አግሎት በስጦታ ከረጢት ውስጥ ያለው የወተት ቸኮሌት መቅለጥ ጀምሯል፤ ሰዉ ጣቱን እየላሰ ንግግር ያዳምጣል።

ተራቸው ደርሶ ሲቆሙ ማይክራፎኑ ጮኸ፣ ከዚያ ዝም አለ። «ያምሮት እባላለሁ። ማቡኪያ ክፍል ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ» ብለው ጀመሩ። ጭብጨባ ሆነ። «በ81 ሑዳዴ ላይ፣ ዓርብ ቀን…» አሉና የለመደው ታሪክ በራሱ እግር ሊሄድ ሲል ቆሙ። ቄስ ገደፋው ቀጣዩን ስለሚያውቁት ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይጠብቃሉ። ከኋላ ከምሰሶው ሥር ክንዱ እንደ ወትሮው ሊሰሙ አንገታቸውን ዘንበል አድርገዋል።

«ለጾሙ ብየ አይደለም» አሉ ወይዘሮ ያምሮት። «ረስቼ ነው።»

የሚላስ ጣት ሁሉ አፍ ውስጥ ቀረ።

«ወተት የሚያመላልሰው ሾፌር መስኮቱ ላይ ቁሞ ሲያጫውተኝ ረሳሁት። የወተቱ ቢዶኖች ከመስኮቱ ሥር ተደርድረው ፀሐይ ሲመታቸው ዋለ፤ እኔ ስስቅ ዋልሁ። ሾፌሩ ያውላችሁ፣ ከምሰሶው ሥር ያለው። ባሌ ነው። በየሄድሁበት ብቻየን አደረግሁት አልሁ እንጂ ጥፋቱም ሆነ ፈጠራው የሁለታችን ነው።»

መጀመሪያ የሳቁት የማሸጊያ ክፍል ሴቶች ናቸው፤ ከዚያ ድንኳኑ በሙሉ። እልልታው ከሳቁ ጋር ተደባለቀ። ቄስ ገደፋው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ የተቆጡ መስሎ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ታየ፤ ኋላ ገልጠው «አንች ልጅ፣ ሃያ ስምንት ሑዳዴ አሰበክሽኝ እኮ!» ብለው ጮኹ። አቶ አስናቀው ብቻ አልሳቁም፤ ማይክራፎኑን የሚያጠፋ ሰው በዐይናቸው ይፈልጋሉ። በዚህ መሐል አቶ ክንዱ ከወንበራቸው ተነሡ። የተነሡት እጅ ለመንሣት መስሎት ሰው አጨበጨበ። እሳቸው ግን በሰዉ መሐል አልፈው መድረኩ ሥር መጡ፤ ማይክራፎኑን ከሚስታቸው እጅ ተቀበሉ፤ ሁለት ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቢዶኑ ውስጥ ወተት አልነበረም» አሉ።

አቶ ክንዱ ቀጠሉ። «ማንኩሳ መውጫ ላይ ጉድጓድ አለች። ያን ቀን በፍጥነት ስነዳ ገባሁባት፤ ቢዶኖቹ ተገለበጡ፤ አንድ ጠብታ አልተረፈኝም። የመንግሥት ወተት ነው፤ ያን ጊዜ የመንግሥት ወተት መድፋት ምን እንደሚያስከትል የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከወንዝ ውኃ ቀዳሁባቸው። እዚህ ስደርስ ይችን ሴት በወሬ የያዝኋት ክዳኑን እንዳትከፍት ነው። ማታ ‹ኮምጧል፣ ልድፋልሽ› ብየ የደፋሁትም ውኃውን ነው። እሷ አልረሳችም። ብታስታውስም የምትጨምረው ወተት አልነበራትም። ተቀጣችልኝ፤ እኔም ዝም አልሁ። ይኸው ነው።» ማይክራፎኑን መልሰው ሰጡና ወደ ምሰሷቸው ሄዱ። ወንዳወቅ እንደሚምለው አጎቱ በአንድ ቀን ይህን ያህል ሲናገሩ ከተወለደ ሰምቶ አያውቅም። ሳቁ አሁን የመጣው እንደ በረዶ ነበር፤ በተለይ ከመንገድ ሥራ የመጡት እንግዳ፣ ሁሉም ወደ እሳቸው መዞሩን ሲያዩ፣ ብድግ ብለው «ጉድጓዷን በተመለከተ ጉዳዩ እየታየ ነው» ሲሉ ሰዉ ከወንበር ወንበር ተደጋገፈ። ከዚያ በኋላ ፕሮግራም የሚባል ነገር አልነበረም። ጋዜጠኞቹ ባልና ሚስቱን ከበቡ፤ እንግዶቹ በሳቅ እንባ እያበሱ የአቶ አስናቀውን እጅ ጨበጡ፤ አቶ አስናቀውም እንግዳ ሁሉ የተደሰተበት ነገር ስሕተት ሊሆን እንደማይችል ቀስ እያሉ ገባቸውና «ሁለተኛው እትም ላይ ሁለቱም ይጻፉ፤ የተመራማሪዎቹን አውጣው» ብለው ወንዳወቅን አዘዙ።

ያልሳቁት ወይዘሮ ያምሮት ናቸው። የፈለጉት ሁሉ ሆኖላቸዋል፤ ስማቸው ሊጻፍ ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ የተሸከሙት «ረሳሁ»ም እንኳ ሐሰት ሁኖ ወርዶላቸዋል። ነገር ግን ያን ዓርብ ለማንም ሳይናገሩት የያዙት ሌላ ነገር ነበር። ከማይወዱት ባል አምልጣ የመጣች፣ ሰው ሁሉ ፈት እያለ የሚያልፋት ሴት፣ አንድ ዘለግ ያለ ሾፌር ሥራውን ትቶ ለእሷ ብሎ መስኮት ሥር ግማሽ ቀን ቆመላት። የጾሙን ታሪክ የደረቱት ያችን መስኮት ለመሸፈን እንደነበር አሁን ነው የገባቸው፤ የሰው ወሬ እንዳይነካት። ሾፌሩ ግን የቆመው ለወተቱ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰርቪሱ ሲመለስ ወንዳወቅ ከፊት ተቀምጦ በደብተሩ ላይ ይጽፋል፤ ባልና ሚስቱ ከኋላ ናቸው። ማንኩሳን ከማለፋቸው በፊት ሾፌሩ ፍሬን ያዘና ጉድጓዷን በአክብሮት ዞራት፤ ተሳፋሪው ሁሉ ተነሥቶ በመስኮት አያት። ሲቀመጡ ወይዘሮ ያምሮት ፊታቸውን ወደ መስታወቱ እንዳዞሩ ተናገሩ።

«እንግዲህ ያን ቀን ለእኔ ብለህ አልነበረም የቆምኸው።»

«አልነበረም» አሉ አቶ ክንዱ።

«ያ ሁሉ ቀልድ።»

«ስለ ወተቱ ነው።»

መኪናው ትንሽ ሄደ። የገበያ ተመላሾች አህያ እየነዱ መንገዱን ዘግተውት ሾፌሩ ጡሩምባ ይነፋል። አቶ ክንዱ ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉ።

«በማግስቱ ቅዳሜ ነበር» አሉ። «መኪናው ጋራዥ ገብቷል። ወተት የለኝም፣ የምሸሽገው ነገር የለኝም። ከማንኩሳ ቡሬ በእግሬ መጣሁ፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ።»

«መጥተህ ደግሞ ቃል ሳትተነፍስ ዋልህ» አሉ ወይዘሮ ያምሮት። ያን ቅዳሜ ማቡኪያው ወለል ላይ ተንበርክከው ሲፈትጉ ክንዱ በበሩ ገብተው፣ ኮታቸውን ሚስማር ላይ ሰቅለው፣ ሁለተኛውን ቡርሽ አንሥተው አጠገባቸው እንደተንበረከኩ፣ እስከ ማታም ግማሹን ወለል እንዳጠቡ ትዝ አላቸው። ያን ጊዜ የገረማቸው ዝምታው ነበር።

«ምን ልበልሽ?» አሉ አቶ ክንዱ። «ቀልዱን ዓርብ ዕለት ጨርሸው ነበር።»

ወይዘሮ ያምሮት በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ሳቁ አምልጧቸው ወጣ፤ ቀኑን ሙሉ የቀረባቸው ሳቅ፤ ከፊታቸው ያሉት ተሳፋሪዎች ዞረው እስኪያዩአቸው ድረስ ሳቁ። እጃቸውን ከነጠላው ሥር አውጥተው የባላቸውን እጅ ከኮፍያው ላይ አንሥተው ያዙ። ወንዳወቅም ከፊት ወንበር ዞረ፤ እስክሪብቶው ተከፍቷል፣ ደብተሩ አዲስ ገጽ ላይ ነው።

«አክስቴ፣ ቅዳሜው መጋቢት ዘጠኝ ነው አይደል?» አለ።

«ነው» አሉ ወይዘሮ ያምሮት። «ይችን ግን አትጽፋትም።»